የድሮ የሳይንስ ልብወለድ ጀብዱ ፊልም እንዴት ይጣጣማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ስለ ድሮ የጠፈር ጀብዱ ፊልሞች ነው፤ ሮኬታቸው በሽቦ ይንጠለጠላል፣ ጭራቃቸው ከጎማ የተሠራ ነው፣ ክፉው ንጉሣቸውም ዙፋኑ ላይ ሆኖ ያስካካል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ካምፕ» ሲባል መጥፎ ፊልም ማለት ነው?

አይደለም። መጥፎ ፊልም የሚያሰለች ፊልም ነው። ካምፕ ደግሞ ግነቱ ራሱ ጣዕም የሆነለት ሥራ ነው፤ ልብሱ ከልክ በላይ ያብረቀርቃል፣ ንግግሩ እንደ አዋጅ ይነገራል፣ ክፋቱም ደግነቱም ልክ የለውም። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ በ1964 ባወጣችው ጽሑፍ ሳያስበው ካምፕ የሆነውን አውቆ ካምፕ ከሚሆነው ለይታ፣ የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው ብላለች።

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። መለኪያው ተዋናዩ አምኖበታል ወይ የሚለው ነው። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ጭራቁ መጀመሪያ የሚታይበትን ትዕይንት ይጠብቁና ጭራቁን ትተው የተዋናዩን ዓይን ይዩ። ዓይኑ በእውነት የፈራ ከሆነ የጎማው ልብስ ቢጨማደድም ፊልሙ ይይዝዎታል። ለተመልካቹ በሥውር የሚጠቅስ ተዋናይ ከሆነ ግን የተዋበ ሞዴልም አያድነውም። በ1980ው «ፍላሽ ጎርደን» ማክስ ቮን ሲዶ ክፉውን ንጉሥ ሚንግን ሲጫወት አንዲት ቃል እንኳ በቀልድ አይናገርም፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ወርቅና ቀይ ሆኖ እየተንቦገቦገ እሱ በትልቅ የመድረክ ተውኔት ላይ እንዳለ ንጉሥ ረጋ ብሎ ያዝዛል። ፊልሙን የሚሸከመው ይህ ቁም ነገር ነው።

ከየትኛው ልጀምር?

እንደ ልምድዎ ይለያያል። የድሮ ፊልም አይተው የማያውቁ ከሆነ ከላይ በጠቀስነው በ1980ው «ፍላሽ ጎርደን» ይጀምሩ። 111 ደቂቃ ነው፣ ሙዚቃው የኩዊን ባንድ ነው፣ ፍጥነቱም ለዛሬ ዓይን አይከብድም። ቀጥሎ «ፎርቢደን ፕላኔት» (1956፣ 98 ደቂቃ) ይምጣ፤ ሮቢ የሚባለውን ሮቦት ያስተዋወቀው እሱ ነው። ከዚያ «ዘ ዎር ኦፍ ዘ ወርልድስ» (1953፣ 85 ደቂቃ)፣ ቀጥሎ የ1954ቱ የጃፓን «ጎጂራ» (ጎድዚላ የሚባለው፣ ከተማ የሚያፈርሰው ግዙፍ ጭራቅ)። የ1930ዎቹ ተከታታዮች (በየሳምንቱ በክፍል በክፍል ይታዩ የነበሩ ፊልሞች) ዓይንዎ ከለመደ በኋላ ይድረሱ።

ብዙ ሰው «የዓለም መጥፎ ፊልም» የሚል ወሬ ሰምቶ በዳይሬክተሩ ኤድ ዉድ «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» ይጀምራል። ይህ ስህተት ነው። የዘመኑ ጥሩ ፊልም ምን እንደሚመስል ሳያውቁ እሱን ቢያዩት ሁሉም እንደዚያ ይመስልዎታል። አምስት ስድስት ካዩ በኋላ ግን ገንዘብ ያጣ ሰው ፊልም ለመሥራት ምን ያህል እንደታገለ ስለሚገባዎት ይወዱታል። በራሪ ሳህኖቹ የመኪና ጎማ ክዳን ወይም የወረቀት ሳህን ናቸው የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ በዘመኑ በየመደብሩ ይሸጡ የነበሩ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴሎች ናቸው።

ቴሌቪዥኔ ላይ ሳየው የድሮ ፊልም ሳይሆን የቪዲዮ ካሜራ ቀረጻ ይመስላል። ለምን?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥም ችግር ነው፤ ጥፋቱም የፊልሙ ሳይሆን የቴሌቪዥኑ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀረጻል። ዘመናዊ ቴሌቪዥን በሰከንድ 60 ወይም 120 ጊዜ ምስል ስለሚያድስ፣ በሁለት ፍሬም መካከል ያልተቀረጸ ምስል ከራሱ ፈጥሮ ይሞላል። ውጤቱ የሚንሸራተት ዓይነት ልስላሴ ነው። በዚህ የባሰ የሚጎዱት እነዚህ ፊልሞች ናቸው፤ በአሻንጉሊት የተሠራ ጭራቅ ከፍሬም ወደ ፍሬም ዘለል ስለሚል ማሽኑ መካከሉን መገመት ያቅተውና የጭራቁ ጠርዝ ይቀዳደዳል።

ማጥፋት ይቻላል። የሥዕል ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ፤ ሶኒ «ሞሽንፍሎው»፣ ኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ ሳምሰንግ «አውቶ ሞሽን ፕላስ» ወይም «ፒክቸር ክላሪቲ» ይሉታል። ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል ምርጫ ካለ ደግሞ እሱን መምረጥ ብቻ ይበቃል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ምኑ ላይ ነው? ብዙ ቴሌቪዥኖች ሴቲንጉን ለእያንዳንዱ መግቢያ ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ለዲቪዲ ማጫወቻው ያጠፉት፣ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ላለው መተግበሪያ አልጠፋም ማለት ነው። ፊልሙን በሚያዩበት መንገድ ከፍተው፣ ፊልሙ እየሄደ ሳለ ሴቲንጉን ይለውጡ።

አብሮ የሚስተካከል ሌላም አለ። «ሻርፕነስ» የሚባለውን ወደ መነሻው ይመልሱ (በአንዳንዱ ቴሌቪዥን ዜሮ፣ በአንዳንዱ መሃሉ ላይ ነው)፣ «ኖይዝ ሪዳክሽን»ንም ያጥፉ። ያቺ በምስሉ ላይ የምትርመሰመስ ጥቃቅን ነጥብ ቆሻሻ አይደለችም፤ የፊልሙ ሥጋ ናት። እሷን ሲጠርጉ የተዋናዩ ፊት ሰም ይመስላል።

ግራና ቀኙ ለምን ጥቁር ሆነ? ልለጥጠው?

አይለጥጡት። እስከ 1953 ገደማ ፊልም የሚሠራው ወደ አራት ማዕዘን በሚጠጋ ቅርጽ ነበር፤ ወርዱ የቁመቱ 1.37 እጥፍ ነው። ለጥጠው ስክሪኑን ከሞሉት ሮኬቱ ያጥራል፣ ጀግናው ይወፍራል። «ዙም» ካደረጉት ደግሞ የጭራቁ ራስ ይቆረጣል።

ማይክ ከላይ ብቅ ሲል ካዩ በሠሪዎቹ ለመፍረድ አይቸኩሉ። ከ1953 በኋላ ብዙ ፊልሞች በሙሉ ፍሬም ከተቀረጹ በኋላ ሲኒማ ቤት ሲታዩ ከላይና ከታች ተሸፍነው ነበር። ለድሮ ቴሌቪዥን የተገለበጠው ቅጂ ግን ሽፋኑን አንሥቶ፣ ማንም እንዲያየው ያልታሰበውን ክፍል ያሳያል። ሌላ ቅጂ ቢፈልጉ ማይኩ የለም።

ሽቦው ወለል ብሎ ይታያል። ያኔ ሰው አላየውም ነበር?

ያኔ ይህን ያህል አይታይም ነበር። በ1953ቱ «ዘ ዎር ኦፍ ዘ ወርልድስ» ከማርስ የመጡት የጦር መኪኖች የመዳብ ቀለም ያላቸው፣ አንገታቸው እንደ እባብ የቀና ሞዴሎች ናቸው። ከላይ በቀጫጭን ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል፤ ሽቦዎቹ ሞዴሉን ይሸከማሉ፣ ከፊሎቹም ኤሌክትሪክ ያደርሳሉ። ፊልሙ ሲወጣ ለሲኒማ ቤት የታተመው በቴክኒከለር ነው። በዚያ ዘዴ ሦስቱ ቀለማት አንዱ በሌላው ላይ እንደ ማኅተም እየተደረቡ ስለሚያርፉ ምስሉ በጥቂቱ ይለሰልሳል፣ ጥቁሩም ጠልቆ ይጠቁራል። ጭራ የምታህል ሽቦ እዚያ ጥቁር ውስጥ ትሰጥማለች። በኋላ በሌላ ዓይነት ፊልም ላይ ሲገለበጥና ለቴሌቪዥን ብርሃኑ ሲጨመር ሽቦዎቹ አፍጥጠው ወጡ። በኋለኛው እድሳት በኮምፒውተር ተሰርዘዋል።

ያልታደሰ ቅጂ በእጅዎ ካለ ግማሹን ራስዎ ማስተካከል ይችላሉ። የሌሊት ትዕይንት ላይ ያቁሙትና «ብራይትነስ»ን ቀስ እያሉ ዝቅ ያድርጉ፤ ሽቦው ሲጠፋ፣ የሰዎቹ የጨለማ ልብስ ግን መልኩን ሳይለቅ ሲቀር ያቁሙ። ክፍሉም ጨለም ይበል። እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት ለጨለማ አዳራሽ ነው፤ ከጀርባዎ መብራት ሲኖር ሠሪዎቹ በጥላ የደበቁት ሁሉ ይጋለጣል።

አንዳንዱ ጭራቅ ግዙፍ ይመስላል፣ አንዳንዱ አሻንጉሊትነቱ ያስታውቃል። ልዩነቱ ከምን ይመጣል?

ከፍጥነት። አንድ ነገር ሲወድቅ መሬት ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በከፍታው ስኩዌር ሩት ልክ ይለወጣል። እውነተኛው ጎጂራ 50 ሜትር ነው ቢባልና ልብሱን የለበሰው ሰው 2 ሜትር ቢሆን ሞዴሉ 25 ጊዜ ያነሰ ነው። የ25 ስኩዌር ሩት 5 ስለሆነ ካሜራው በ5 እጥፍ ፈጥኖ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ፍሬም መቅረጽ አለበት። ያ በ24 ፍሬም ሲታይ የሚፈርሰው ሕንጻ ቀስ ብሎ፣ ከብዶ ይወርዳል። ካሜራው በተለመደው ፍጥነት ከቀረጸ ግን ግድግዳው እንደ ካርቶን ዱብ ይላል፤ ዓይንዎም ወዲያው «ትንሽ ነው» ይላል። የጃፓኑ የልዩ ኢፌክት መሪ ኤጂ ሱቡራያ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

በፍጥነት የማይስተካከሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ውሃና እሳት። የውሃ ጠብታ የቱንም ያህል ትንሽ ባሕር ቢሠሩለት ያው ጠብታ ነው፤ ሞዴል መርከብ ሲሰጥም የሚረጨው ውሃ የአተር ፍሬ አክሎ ይታያል። የእሳት ምላስም እንዲሁ። ስለዚህ የባሕር ትዕይንት ሲመጣ ያልፉለት፤ ከተማ ሲፈርስ ግን አጥብቀው ይፍረዱ።

በሮኬት ላይ ደግሞ ጢሱን ይዩ። በ1936ቱ «ፍላሽ ጎርደን» ሮኬቱ ወደ ፊት እየበረረ ጢሱ ወደ ኋላ እንደ መሄድ ወደ ላይ ይጎማለላል። የተቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ ስለሆነ ትኩስ ጢስ ማድረግ ያለበትን አደረገ። ያቺ ጢስ ለብዙዎቻችን የዘመኑ ሁሉ ፊርማ ናት።

ስቶፕ ሞሽን (አሻንጉሊትን በየፍሬሙ እያንቀሳቀሱ መቅረጽ) ለምን ይንቀጠቀጣል?

የሚሮጥ ሰው ሲቀረጽ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ እግሩ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ካሜራው ክፍት በሆነባት ቅጽበት እግሩ ስለተንቀሳቀሰ። አሻንጉሊት ግን ሲቀረጽ ቆሟል፤ ሠሪው ያንቀሳቅሰዋል፣ እጁን ያነሣል፣ አንድ ፍሬም ይነሣል። ድብዘዛ ስለሌለው እንቅስቃሴው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ለ10 ሰከንድ 240 ጊዜ መንካት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህን አውቀው ሬይ ሃሪሃውዘን የሠራበትን የ1956ቱን «ኧርዝ ቨርስስ ዘ ፍላይንግ ሶሰርስ» ይዩ። በራሪ ሳህን ሕንጻ ሲመታ የሚወድቀውን ጡብ አተኩረው ይዩት። ጡቡ እውነት አልወደቀም። በከፍተኛ ፍጥነት ለመቅረጽ በጀት ስላልነበረ ስብርባሪውን እየለየ በሽቦ አንጠልጥሎ፣ በየፍሬሙ ዝቅ እያደረገ ያወረደው እሱ ነው።

ሳይንሱ ሁሉ ስህተት ነው። ይህን እያወቅሁ እንዴት ልደሰት?

ስህተቱን በሁለት ይክፈሉት። አንደኛው ሠሪዎቹ እያወቁ የጣሱት ነው፤ በጠፈር ውስጥ ፍንዳታ አይሰማም፣ እነሱ ግን ያሰማሉ። ሁለተኛው የዘመኑ እውቀት ነው። ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ስኪያፓሬሊ በ1877 በማርስ ላይ መስመሮች አየሁ ካለ ወዲህ ማርስ ቦይ የተቆፈረባት፣ ሕዝብ የሚኖርባት ዓለም ሆና በሰው ልብ ቆየች። ቬነስም በደመና ስለተሸፈነች ከሥሩ ረግረግና ጫካ ይኖራል ተብሎ ይገመት ነበር። መንኮራኩሯ ማሪነር 2 በታኅሣሥ 1962 በቬነስ አጠገብ አልፋ ሙቀቷ ለሕይወት የማይሆን መሆኑን አረጋገጠች፤ ገጽታዋ 465 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ማሪነር 4 ደግሞ በሐምሌ 1965 የማርስን ጉድጓዳማ ገጽ ፎቶ አንሥታ ላከች።

ስለዚህ የተሠራበትን ዓመት ሳያዩ አይፍረዱ። በ1950ዎቹ የቬነስ ረግረግ ያሳየ ፊልም የዘመኑን ግምት ነው የተከተለው። ከ1965 በኋላ የማርስ ከተማ ያሳየ ግን ተረት መሆኑን አውቆ ነው፤ እሱንም እንደ ተረት ይዩት።

ተከታታዮቹ ያሰለቻሉ። ምን ላድርግ?

አንድ ላይ አያዩዋቸው። የ1936ቱ «ፍላሽ ጎርደን» 13 ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ገደማ። የተሠራው በሳምንት አንድ ክፍል እንዲታይ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ያለፈውን ከልሶ ይጀምራል፣ ጀግናው ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ ያቆማል። አራቱን በተከታታይ ሲያዩ ያው ክለሳ፣ ያው ፍልሚያ፣ ያው ማምለጥ ይደጋገምብዎታል። በቀን አንድ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። እኛ የምንመክረው ከዋናው ፊልም በፊት አንድ ክፍል ማየት ነው።

የክፍሉን ማለቂያ ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር ማነጻጸርም ደስ ይላል። አንዳንድ ተከታታይ ባለፈው ሳምንት መኪናው ከነጀግናው ገደል ሲገባ አሳይቶ፣ በዚህኛው ጀግናው ቀድሞ ሲዘል የሚያሳይ ትዕይንት ይሰካል።

ያ የሚያቃስት የሙዚቃ ድምፅ ምንድን ነው?

ቴርሚን ነው። ሩሲያዊው ሌቭ ቴርሚን በ1920 ገደማ የፈለሰፈው፣ ሳይነካ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። ቀኝ እጅ ወደ ቆመው አንቴና ሲጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፤ ግራ እጅ በተጠማዘዘው አንቴና ላይ ከፍ ዝቅ እያለ መጠኑን ይቆጣጠራል። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን በ1951 ለ«ዘ ዴይ ዚ ኧርዝ ስቱድ ስቲል» በሁለት ቴርሚን ተጠቅሟል። «ፎርቢደን ፕላኔት» ግን ቴርሚን አይደለም፤ ባልና ሚስቱ ሉዊስና ቢቢ ባረን ራሳቸው በሠሯቸው ሰርኪዩቶች ያወጡት ድምፅ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ያለው የመጀመሪያው ትልቅ የሲኒማ ፊልም።

የዘመኑ አብዛኛው ፊልም ድምፁ ሞኖ (በአንድ መስመር ብቻ የሚወጣ) ነው። ቴሌቪዥንዎ ወይም ሳውንድባርዎ «ሰራውንድ» አስመስሎ ሲበትነው ንግግሩ ጉድጓድ ውስጥ የተነገረ ይመስላል። «ስቴሪዮ» ወይም «ስታንዳርድ» ላይ ያድርጉት።

ከሰው ጋር ሳይ መሳቅ ነውር ነው?

ሳቅ የፊልሙ አካል ነው። ነገር ግን በየዓረፍተ ነገሩ ቀልድ የሚጨምር ሰው ካለ ፊልሙ ይሞታል፤ ዝም ያለውን ትዕይንት ማንም አይሰማውም። የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ ያያል። ታሪኩ ከያዛቸው የሚስቁት ቦታው ላይ ነው። አራት አምስት ሰው ይበቃል፣ ፊልሙም ከ100 ደቂቃ ባይበልጥ ይሻላል።

የማልቀበላቸው ነገሮችስ?

አሉ፣ ሊሸፋፈኑም አይገባም። ንጉሥ ሚንግ የተቀዳው ምዕራባውያን በዘመኑ ስለ እስያ ሕዝብ ከነበራቸው ፍርሃትና ንቀት ነው። ሴቶች ሳይንቲስት ሆነው ገብተው ቡና ሲያቀርቡ የሚጨርሱባቸው ፊልሞች ብዙ ናቸው። ከልጆች ጋር ሲያዩ በጊዜው አቁመው ይንገሯቸው። እኛ ዘልለን የምናልፈው ግን ሌላ ነው። በዳይኖሰር ምትክ በእውነተኛ እንስሳ የሠሩ ፊልሞች አሉ። በ1959 «ጀርኒ ቱ ዘ ሴንተር ኦቭ ዚ ኧርዝ» ኢጓናዎች ጀርባቸው ላይ ሸራ መሳይ ክንፍ ተለጥፎባቸው ይታያሉ፤ በ1940 «ዋን ሚሊዮን ቢ.ሲ.» ግን ትንሽ አዞና እንሽላሊት በእውነት ሲናከሱ ተቀርጿል። ያ ትወና አይደለም፤ ቢዘሉት ታሪኩ ላይ የሚጎድል ነገር የለም።

የትኛውን ቅጂ ልምረጥ?

ጥቁርና ነጭ የተሠራውን ቀለም ከተቀባው ያስቀድሙ፤ ብርሃኑ የተዘረጋው ለጥላ ነውና ቀለም ሲቀቡት ጥላው ጭቃ ይሆናል። ለ«ጎጂራ» የ1954ቱን የጃፓንኛ ቅጂ ከትርጉም ጽሑፍ ጋር ይፈልጉ። በ1956 ለአሜሪካ የወጣው ተቆርጦ፣ ሬይመንድ በር የሚባል ተዋናይ ገብቶበት፣ ከ96 ደቂቃ ወደ 80 የወረደ ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ከሆነ ፍጥነቱን ያረጋግጡ፤ በሰከንድ 16 ፍሬም የተቀረጸ በ24 ሲሮጥ ሰው ሁሉ እንደ ዶሮ ይራወጣል። ዲቪዲው በፓል (በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች የተለመደ የነበረ የቴሌቪዥን ሥርዓት) የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ ፊልሙ 4 በመቶ ያህል ይፈጥናል፤ 100 ደቂቃው 96 ይሆናል፣ ድምፁም ሊቀጥን ይችላል።

ካየሁት በኋላ ደግሜ ማየት ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ ሙሉውን ባይሆንም። አንድ የ10 ሰከንድ ትዕይንት ይምረጡ፣ ድምፁን ያጥፉ፣ በፍሬም በፍሬም የሚያራምደውን ቁልፍ እየተጫኑ ይዩ። በ1933ቱ «ኪንግ ኮንግ» ይጀምሩ። ዝንጀሮው ዝም ብሎ በቆመበት ጊዜ እንኳ የደረቱና የትከሻው ጠጉር ይንቀሳቀሳል፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው ይመስላል። ነፋስ የለም። በፍሬሞቹ መካከል አሻንጉሊቱን ያንቀሳቀሱት ሰዎች ጣት ጠጉሩን የተጫነበት ቦታ ነው፤ እያንዳንዷ ለውጥ አንድ ንክኪ ናት።